አሥራ ሁለተኛው ሳጥን

ገመዱ የትም አይደርስም ነበር።

እትዬ ፊውዝ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ፣ የእጅ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ከቁጥጥር ክፍሉ ጀምራ በጣሪያው ሥር ስትከተለው የመጣችው ግራጫ ገመድ ከማቅለሚያው አዳራሽ በላይ ሲደርስ ያበቃል። ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ሦስት ዙር ተጠምጥሞ፣ ከማንም ዓይን በተሰወረ ቦታ ብረት ላይ ታስሯል። ሳብ አደረገችው፤ ምንም አልያዘውም። ከፊቷ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ቦይለሩ አለ። በመካከል ግን የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

እንግዶቹ ሊመጡ የቀራቸው ሁለት ሰዓት ነው።

እዚያ መሰላል ላይ የወጣችው ጥፋት ልትፈልግ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ማታውኑ «ለእንግዶቹ እንዲያምር በየገመዱ ላይ ስም ይለጠፍበት» ስላለ፣ የጥገና ክፍል ኃላፊ እንደመሆኗ ከሌሊት ወፍ ጋር እየተጋፋች ስትለጥፍ ነው ያነጋችው። አሥራ አንዱ ገመድ አሥራ አንድ ማሽን ላይ ደርሷል። አሥራ ሁለተኛው ይኸው።

ይህ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በዕቅድ ዘመን መንግሥት የሠራው ነው። ዘመን ሲገለበጥ ለግል ባለቤት ተሸጠ፤ ባለቤቱም ለሌላ ባለቤት ሸጠው። ማሽኖቹ ከግማሹ ሠራተኛ በዕድሜ ይበልጣሉ። አሁን አሮጌ ፋብሪካዎችን ለማደስ በዝቅተኛ ወለድ የሚያበድር ፈንድ ተቋቁሞ፣ «ዲጂታል ዝግጁነት» የሚሉትን የሚለኩ ገምጋሚዎች ሊልክ ነው። ፋብሪካው ካለፈ አዳዲስ ማሽኖች ይገባሉ። ከወደቀስ? ባለፈው ወር ቀያሾች መጥተው ግቢውን ዙሪያውን ለክተውት ሄደዋል። የተለካው ለአፓርታማ እንደሆነ ከጥበቃው ጀምሮ የማያውቅ የለም። ሦስት መቶ አሥር ሠራተኛ ያን የቀያሾች ቀይ ካስማ እየዘለለ ነው ጠዋት ጠዋት የሚገባው።

ከመሰላሉ ወርዳ ወደ ቁጥጥር ክፍሉ አመራች። ይህን ሁሉ ሥርዓት የዘረጋችው የገዛ ልጇ ናት።

ልጅቷ ከሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ድርጅት ከፍታለች። ማሽን ሲሠራና ሲቆም የሚናገር ትንሽ መሣሪያ በራሳቸው እጅ ሠርተው፣ ከውጭ ከሚመጣው በሩብ ዋጋ ይሸጣሉ። ይህ ፋብሪካ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራቸው ነው። በቁጥጥር ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሰፊ ስክሪን አሥራ ሁለት ሳጥኖች ይታያሉ፤ ስድስት የሽመና፣ ሁለት የማበጠሪያ፣ ሁለት የማቅለሚያ፣ አንድ የማድረቂያ ማሽን፣ መጨረሻ ላይ ቦይለሩ። ማሽኑ ሲሠራ ሳጥኑ አረንጓዴ፣ ሲቆም ቀይ ይሆናል። የቦይለሩ ሳጥን በተጨማሪ የእንፋሎቱን ግፊትና የውሃውን መጠን ያሳያል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስድስት ነጥብ ሁለት፣ ውሃ ሙሉ፣ አረንጓዴ ነበር።

ልጅቷን ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ አገኘቻት።

«አንቺ፣ እስቲ ቀና በይ።»

«እማ፣ አሁን አይሆንም። አንድ ነገር ላስተካክል ነው…»

«የቦይለሩ ገመድ የት ነው የሚገባው?»

የልጅቷ ጣቶች ባሉበት ቀሩ። ተነስታ በሩን ዘጋችው።

«ሴንሰሩ ጉምሩክ ነው ያለው» አለች በመጨረሻ። «ሰባት ሳምንት ሆነው። የሌሎቹን እኛው ሠራን፤ የቦይለሩ ግን ያን ሙቀት የሚችል ዕቃ ይፈልጋል፤ እዚህ አይሠራም። አንዴ የውጭ ምንዛሪ ይላሉ፣ አንዴ ማህተም ይላሉ…»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ይሄ ስድስት ነጥብ ሁለት ከየት መጣ?»

«ከሻለቃ የቦይለር መዝገብ።»

«ምን?»

«የአንድ ሳምንቱን ወስጄ አስገባሁት። እሱ እየተመላለሰ ነው የሚታየው። ውሸት እኮ አይደለም እማ፤ ሻለቃ በገዛ እጁ የጻፈው ቁጥር ነው።»

«የባለፈው ወር ቁጥር ነዋ! ቦይለሩ አሁን ጣሪያውን ይዞት ቢሄድ፣ ይሄ ግድግዳው ላይ ስድስት ነጥብ ሁለት እያለ ይቀመጣል።»

«ለዛሬ ብቻ ነው። ሴንሰሩ እንደመጣ እገጥመዋለሁ፤ ማንም ሳያውቅ እውነት ይሆናል።»

እትዬ ፊውዝ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ይህን ዓይነት ንግግር ታውቀዋለች። በሃያ ዓመቷ፣ ገና ተለማማጅ ኤሌክትሪሺያን ሳለች፣ በዚሁ ግቢ አዳራሽ ውስጥ አንድ ካድሬ «ዕቅዳችንን መቶ ሰባት በመቶ አሳክተናል!» ብሎ ሲያውጅ መብራት ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ «ፊውዙ እንኳ አላመነም» ስትል ድምፅዋን ለየው ሁሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግለ ሂስ አደረገች፤ ስሙም ከዚያች ቀን ጀምሮ ተለጠፈባት። የዚያን ዓመት መጋዘኑ ውስጥ ያልነበሩ ስንት ሺህ ብርድ ልብሶች በወረቀት ላይ ተሠርተው፣ በወረቀት ላይ ተጭነው፣ በወረቀት ላይ ሰው አሙቀው ነበር። ይህን ለልጇ እያሳቀች ስትነግራት ነው ያሳደገቻት።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የርክክቡን ወረቀት «ተመርምሮ በትክክል የሚሠራ» ከሚለው ሥር የፈረመችው እሷ ናት። አንድም መሰላል ሳትወጣ። ልጄ ናት ብላ።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ ትፈርሚ ነበር?»

«አልፈርምም።»

«ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ።»

ከውጭ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱን አበባ ወደ በሩ አስጠጉት፣ አንዱን አርቁት ይላል። ሳጥኑ ከስክሪኑ ይውጣ እንዳትል፣ ለገምጋሚዎቹ የተላከው ሰነድ አሥራ ሁለት ይላል። ግምገማው ይቅር እንዳትል፣ የልጇ ስምና የሦስት መቶ ሰው እንጀራ ነው። ይኑር እንዳትል፣ ቦይለር ነው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ተነስታ። «ሻለቃ ከቦይለሩ አጠገብ አይንቀሳቀስም። ስክሪኑ የፈለገውን ያውራ፣ ሰው እዚያ ይኑር።»

«እሺ እማ። እሱማ የት ይሄዳል?»

ሻለቃ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ቦይለሩን እንደ ሰልፈኛ ስላዘዘው ነው የተሾመው። የውሃውን መጠን በሚያሳየው ቀጭን ብርጭቆ ፊት እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ውሃ ሲያንስ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋው መሣሪያ ከሞተ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ መሣሪያው ራሱ ሻለቃ ነው።

«ፓምፑ እንዴት አደረ?» አለችው።

«ሰሞኑን አኩርፎኛል። ውሃ ሲስብ ቆይቶ ቀጥ ይላል። አንድ ጊዜ በጡጫ ስለው ይነሳል።»

«ዛሬ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል።»

«ሽንቴስ?»

«ሽንትህም ቢሆን።»

«ኧረ ጉድ ነው! እንግዶቹ እኔን ሊገመግሙ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሁለት ናቸው፤ ፎቶ የሚያነሳ ረጅም ሰውዬና ዋናዋ ገምጋሚ። ገምጋሚዋ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ በዝግታ የምትናገር፣ ብዙ የምትጠይቅና ጥቂት የምትጽፍ ሴት ናት። እትዬ ፊውዝ በጣም የፈራችው ይህን ጥቂት የመጻፏን ነገር ነው።

ልጅቷ ማስረዳት ስትጀምር ግን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። መሣሪያውን በመዳፏ ላይ አድርጋ፣ እንዴት እንደሠሩት፣ ሲበላሽ እዚሁ በብየዳ እንደሚጠገን፣ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ዘረዘረች። ገምጋሚዋ ድንገት «የሽመና ቁጥር አራትን አስቁሙልኝ» አለች። ማሽኑ ሲቆም፣ ሁለት ሳይቆጠር ሳጥኑ ቀላ። ሥራ አስኪያጁ ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ፣ አፍሮ ክራቫቱን አስተካከለ። እትዬ ፊውዝ ኮራችም፣ ፈራችም።

«ቦይለሩንም ከዚሁ ነው የምትከታተሉት?» አለች ገምጋሚዋ።

«ከዚሁ!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት። «ድሮ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያፈጥበት ነበር የሚውለው። አሁን እንደሚያዩት ነው፤ ስድስት ነጥብ ሁለት።»

ከዚያ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ለጥበቃው አንድ ነገር ሹክ አለው። እትዬ ፊውዝ አየች እንጂ አልሰማችም።

ምን እንዳለው የገባት ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሽመና አዳራሽ ውስጥ ነባር ሠራተኞች ለእንግዶቹ ሊተዋወቁ ሲሰለፉ ነው። በሰልፉ ጫፍ፣ የመታጠፊያው መስመር ያልለቀቀ አዲስ ጋወን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ሻለቃ ቆሟል።

በሠራተኞቹ ጀርባ ዞራ ደረሰችበት።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ብለው ሊያስተዋውቁኝ ነው።»

«ቦይለሩስ?»

«እኔም ብያለሁ። ‹አሁን ስክሪኑ ያይልሃል፤ አንተ እረፍ› አሉኝ።»

«ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው?»

ሻለቃ ፊቷን አየና የጠየቀችውን ሳይሆን ያልጠየቀችውን መለሰ፤ «ፓምፑ… ስወጣ እየሠራ ነበር።»

ልጇ ከእንግዶቹ መካከል ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሻለቃንም አየች። የያዘችው መሣሪያ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እትዬ ፊውዝ በእንግዳ ፊት አይሮጥምና ፈጠን ፈጠን እያለች ወጣች። ማዕዘኑን ከዞረች በኋላ ግን ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እንደምትሮጥ ልጃገረድ ሮጠች፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ ጥርሷን ነክሳ።

የቦይለሩ ክፍል በር ክፍት ነው። እሳቱ እንደ ወትሮው ያጓራል። ፓምፑ ግን ጸጥ ብሏል። ብርጭቆው ውስጥ ውሃው ከታችኛው ቀይ ምልክት ወርዶ፣ ሥሩ ላይ አንድ ጣት የማይሞላ ብቻ ቀርቷል፤ እያየችው ይንቀጠቀጣል።

እጇ መጀመሪያ የሄደው ወደ ፓምፑ ነበር። በጡጫ ቢሉት ይነሳል፤ ውሃው ይሞላል፤ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ይሸፈናል። መሐል መንገድ ላይ እጇን ሰበሰበችው። ውስጡ ምን ያህል እንደጋለ አታውቅም፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ደግሞ ባሩድ ላይ ክብሪት ከመጫር አይተናነስም። ከግድግዳው በስተጀርባ አርባ ሰው አለ። ከእነሱ ጋር ልጇ አለች።

የእሳቱን ማጥፊያ በመዳፏ መታችው። ማጓራቱ ቆመ። የእንፋሎቱን መዝጊያ በሁለት እጇ ጠምዝዛ ዘጋች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ በዝምታው ውስጥ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ቋ፣ ቋ ይላል።

ወደ ቁጥጥር ክፍሉ ተመለሰች። ሁሉም እዚያ ናቸው። እንፋሎት ያጡት ሁለቱ ማቅለሚያዎች ቀልተዋል። ልክ ስትገባ ማድረቂያውም ቀላ። የልጇ እጅ የሠራቸው መሣሪያዎች አንድም ሳያዛቡ እውነቱን ይናገራሉ። ከእነሱ ሥር አሥራ ሁለተኛው ሳጥን አረንጓዴ እንደሆነ ተቀምጧል፤ ስድስት ነጥብ ሁለት፣ ውሃ ሙሉ።

ገምጋሚዋ በብዕሯ ስክሪኑን አሳየች። «እንፋሎት የሚፈልጉት ሦስቱም ቆመዋል። ቦይለሩ ግን ይሠራል ይላል። እንዴት ነው?»

«ኔትወርክ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ብሎ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። «ኔትወርኩ ይዘገያል። አይደል እትዬ?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። «አዎ» ማለት ምንም አይከብድም፤ አንዲት ቃል ናት። ኔትወርክ ደግሞ ያልበደለው የለምና ማንም ጠበቃ አይቆምለትም። ልጇን ላለማየት ሞከረች፤ አልቻለችም። የልጅቷ ፊት አመድ መስሏል።

«ኔትወርክ አይደለም» አለች እትዬ ፊውዝ። «ቦይለሩን እኔ ነኝ አሁን ያጠፋሁት። ውሃ ጨርሶ ነበር። ሳጥኑ ከቦይለሩ ጋር አልተገናኘም። ሳልመረምር ፈርሜ የተረከብኩትም እኔው ነኝ።»

«እትዬ!» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ግንባሩን በጥይት የተመታ ይመስል ነበር።

«እማ፣ ተይ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። «እሷ አታውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቀችው። ቁጥሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሴንሰሩ አልመጣልንም፤ አልመጣም ማለት ፈራሁ።»

ገምጋሚዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ከአሥራ ሁለቱ እውነተኛው ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«እንዴት አምናለሁ?»

«አይመኑኝ። አንድ በአንድ ያስቁሟቸው።»

አስቆመቻቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ ምሳ የበላ ሳይኖር፣ ከማሽን ማሽን እየዞረች አስቆመች፣ አስነሳች፣ ገመድ አስነቀለች፣ መብራት አስጠፋች። አሥራ አንዱም አልዋሹም። ወደ ቦይለሩ ክፍልም ገብታ ብርጭቆውን በጣቷ ነካች፣ ምንም ሳትል ፎቶ አስነሳችው። መኪናዋ ውስጥ ከመግባቷ በፊት እትዬ ፊውዝን ጠጋ ብላ፣ «ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም» አለቻት። «ያየሁትን ሁሉ ግን እጽፋለሁ፤ ሁሉንም።» ያ ተስፋ ይሁን ማስፈራሪያ፣ መኪናው ከበሩ ከወጣም በኋላ አልገባትም።

ሻለቃ ጋወኑን አውልቆ በክንዱ ይዞ ከቦይለሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። «ጥዬው ሄድኩ» አለ ቀና ሳይል። «ሠላሳ ዓመት! አንድ ቀን ሰው ፊት ብታይ ብዬ ጥዬው ሄድኩ።»

«የሄድከው ታዘህ ነው። ጠዋት ለምን እንደማትንቀሳቀስ ብነግርህ ኖሮ አትሄድም ነበር። ይህም የእኔ ጥፋት ነው» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ቁጥጥር ክፍሉ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ባለቤቱ ደውሎልኝ ነበር። ‹እንዴት ነበር?› አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?» ስክሪኑን በአገጩ አሳየ። ማሽን በቆመ ቁጥር ሥርዓቱ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ሳይሞላ ደግሞ ቀኑን አይዘጋም። የማቅለሚያዎቹና የማድረቂያው መቆም አሁንም መልስ ይጠብቃል። «ይሄ የወሩ መዝገብ ነገ ጠዋት ለፈንዱ ይላካል። ገምጋሚዋ የምትጽፈው የእሷ ቃል ነው። ይሄ ግን የእኛ ነው። እዚያ ከተዘረዘሩት ውስጥ ‹የታቀደ ጥገና› የሚለውን ንኪው። እሱ ብቻ። ለልጅሽም ይጠቅማታል፤ ነገ ሌላ ቦታ ሥራ ልትፈልግ ነው።»

መልስ ሳይጠብቅ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወጣ።

ልጅቷ ጥግ ላይ ገመድ እየጠቀለለች ነበር። ዓይኖቿ አብጠዋል። ጓደኞቿ አሥር ጊዜ ደውለውላት አላነሳችም። እትዬ ፊውዝ ምክንያቱ የሚሞላበትን ታብሌት ከጠረጴዛው ላይ ወሰደችና መነጽሯን አደረገች። እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ላይ ፊደል ጽፋ አታውቅም፤ ሁልጊዜ እሷ ስትናገር የምትጽፍላት ልጇ ነበረች።

«አምጪ፣ እኔ ልሙላው» አለች ልጅቷ።

«ተይው።»

ዝርዝሩ ተከፈተ። የታቀደ ጥገና። የኃይል መቋረጥ። የጥሬ ዕቃ እጥረት። ሌላ። ጣቷ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ቆየ። ቀያሾቹ ታዩአት፤ ሻለቃ ታያት፤ ይህች ከኋላዋ ቆማ ትንፋሿን የያዘች ልጅ ታየቻት።

«ሌላ» የሚለውን ነካች። ባዶ ቦታ ተከፈተ። በአንድ ጣቷ፣ ፊደሉን እየፈለገች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየጻፈች፣ አምስት ደቂቃ ፈጀባት፤ «ከቦይለሩ ውሃ አለቀ። አጠገቡ ሰው አልነበረም። ቁጥሩ የውሸት ነበር።»

ልጅቷ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ከዚያ በቀስታ፣ «‹ከቦይለሩ› አይደለም እማ፤ ‹የቦይለሩ› ነው የሚባለው» አለችና ጣቷን ዘርግታ አንዷን ፊደል አስተካከለችላት።

«አሁንስ?» አለች እትዬ ፊውዝ።

«አሁን ‹ላክ› የሚለውን ንኪው።»

ነካችው።